የጋራ ፕሮፖዛል፦ የአንደኛ ደረጃ ልጆቻችን ኦንላይን ደህንነት፣ ሐሳብ ጨምሩበት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው እንደተስማማነው ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ወላጆች የምናዘጋጀውን ነገር መጻፍ ጀምሬያለሁ። ለጊዜው የያዝኩት ሐሳብ አንድ ባለሙያ ጠርተን አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ኢንተርኔት አደጋ እንዲያስረዳ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ወረቀት እንድንበትን ነው። ለትምህርት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ያያችሁትን ጉድለት እዚሁ ጻፉልኝ፣ አይሆንም ካላችሁም አይሆንም በሉ ቅር አይለኝም።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ ደክመህበታል። ግን አደጋ እንዳለው'ማ ሁላችንም እናውቃለን፣ የማናውቀው ማታ ቤት ገብተን ስልኩን ስንይዝ የቱን መንካት እንዳለብን ነው። የኔን ልንገራችሁ። የስምንት ዓመቷ ልጄ በኔ ስልክ ጌም ትጫወታለች፣ ጌሙ ውስጥ ቻት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር። አንድ ሰሞን እኔ ወደ ክፍሉ ስገባ ስልኩን ደረቷ ላይ ድፍት ማድረግ ጀመረች፣ ምንድነው ስላት ምንም፣ እኔም ልጅ ናት ብዬ ዝም አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷ እያለቀሰች አመጣችልኝ። አንዱ መጀመሪያ ስንት ዓመትሽ ነው ብሏታል፣ ከዛ የጌሙን ሳንቲም በስጦታ ላከላት፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ እናውራ ለማሚ ግን እንዳትነግሪያት፣ ከዛ ፎቶሽን ላኪልኝ። ፎቶ ሲላት ነው የፈራችው። ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ስላት "ስልኩን ትቀሚኛለሽ ብዬ" አለችኝ። ይቺ ቃል እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ የሚጀምረው ከዚህ እንዲሆን ነው የምለምናችሁ፣ ልጅ መጥቶ ከነገረን ስልኩን እንደማንነጥቀው እንደማንቆጣው ቀድመን ቃል እንድንገባለት።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
ለልጅሽ አዝኛለሁ እህቴ፣ እንኳን በዚህ አለፈ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ጭራሽ ስልክ መንካት የለባቸውም ባይ ነኝ። አውስትራሊያ እንኳ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ሶሻል ሚዲያ ከልክላ የለ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ? መንግሥት የከለከለውን እኛ ቤታችን መከልከል እንዴት ያቅተናል?

መምህርት፦
ጋሼ ሐሳብዎ ይገባኛል፣ ለመከልከል የሚችል ቤት ይከልክል። ግን የአውስትራሊያው ሕግ ቅጣቱን የጣለው ኩባንያዎቹ ላይ ነው፣ ልጅና ወላጅን አይቀጣም፣ እንደ ሮብሎክስ ያለ ጌም ደሞ ሕጉ ሲጀምር ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የእህታችን ልጅ የተገኘችውም ጌም ውስጥ ነው። ክፍሌ ውስጥ የማየው ደሞ የራሱ ስልክ የሌለው ልጅ በአክስቱ በታላቅ ወንድሙ ስልክ ሲገባ ነው። አንድ ነገር ይጨመርልኝ፣ የዕድሜ ጉዳይ። ቲክቶክም ኢንስታግራምም ፌስቡክም አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት ይላሉ፣ ልጆቹ ታዲያ የትውልድ ዓመቱን እየዋሹ ይከፍታሉ፣ አንዳንዴም የሚሞላላቸው ትልቅ ሰው ነው ቀላል መስሎት። ቲክቶክ ለምሳሌ ከ16 በታች ለሆነ አካውንት ቀጥታ መልእክት አይፈቅድም፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ 20 ዓመቴ ነው ካለ ግን ያ ጥበቃ በሙሉ ይነሳል፣ አፑ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያየው። ወላጆች ይሄን ቢያውቁ ብዙዎቹ አይሞሉላቸውም ነበር።

ቴክኒክ የሚረዳን፦
ከሁላችሁም ጋር እስማማለሁ፣ ንግግሩ ይቅርና ወላጆች በአምስት በስድስት ሆነው የራሳቸውን ስልክ ይዘው ይቀመጡ፣ አብረን እየነካን እንጨርስ። አብዛኛው ልጅ የሚጠቀመው የወላጁን ስልክ ስለሆነ ከሱ ነው መጀመር ያለብን። አንድሮይድ ላይ አፕ ፒኒንግ የሚባል አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲው ጋ ታገኙታላችሁ፣ ለልጁ የከፈታችሁለት ጌም ላይ ትቆልፉታላችሁ፣ ሲወጣ ፒን እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ልጁ ወደ ቴሌግራም ወደ ጋለሪ መሄድ አይችልም። አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስ ይባላል፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ነው፣ አንዴ ካበራችሁት በኋላ የጎን ቁልፉን ሦስቴ መጫን ነው። ቴሌግራም ላይ ደሞ ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን ኮንታክቶቼ ብቻ፣ ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል የሚለውን ደሞ ማንም እንዳያየው አድርጉት። ፕሌይ ስቶር ላይ ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ። ዩትዩብ ኪድስም አለ፣ ለልጆች ተብሎ የተሠራው ዩትዩብ፣ ከ2015 ጀምሮ ነው ያለው ግን ብዙ ወላጅ ስሙን ከኔ ነው የሚሰማው። ልጁ የራሱ ስልክ ካለው ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ እናስገባለታለን፣ አፕ ሲያወርድ ፈቃድ ይጠይቃችኋል፣ ሰዓት ትወስኑለታላችሁ፣ ግን ቻት ውስጥ ምን እንደተጻፈ አያሳያችሁም እና ይሄን ጫንኩ ብሎ የሚተኛ ወላጅ እንዳይኖር አደራ።

አያት፦
ልጆቼ እኔ የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው። ጥሪው ላይ "ወላጆች" ብቻ ከተባለ እኔን የሚመስል አይመጣም፣ "አሳዳጊዎች" የሚል ይግባበት። ስልኬ ደሞ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሄ ወጣት የጻፈውን ሁሉ አነበብኩት የት እንደምነካ ግን አሁንም አላውቅም። ፎቶው ይታተምልን፣ የሚነካው ቦታ ላይ ክብ አድርጉበት።

ቴክኒክ የሚረዳን፦
እማማ በጣም ልክ ነዎት፣ በክብ አደርገዋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፎቶ፣ በድምፅም ቀድቼ እልካለሁ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ነገሩ የደረሰበት ወላጅስ? እኔ ያኔ በንዴት ቻቱን በሙሉ አጠፋሁት፣ በኋላ ሪፖርት ላድርግ ስል የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

መምህርት፦
ይሄ ለብቻው አንድ ገጽ ይያዝለት። መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ የሰውየው ፕሮፋይልና ዩዘርኔም አብሮ እንዲታይ፣ ከዛ አፑ ውስጥ ሪፖርት፣ ብሎክ መጨረሻ ላይ። ለሰውየው መልስ አይጻፍ። የልጅ የገላ ፎቶ ካለበት ግን ስክሪንሾት አይነሳ፣ እዩልኝ ተብሎም ለማንም ፎርዋርድ አይደረግ፣ ለዘመድም ለኛ ግሩፕም፣ በቀጥታ ለፖሊስ። ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ፣ ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ የአሻራ ቁጥር ብቻ ወስዶ አብረውት ለሚሠሩ ድርጅቶች ይሰጣል፣ እነሱ በዛ ፈልገው ያወርዱታል። ልጁን "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ማለት ደሞ በዛው ሰዓት ነው እንጂ ነገሩ ከበረደ በኋላ አይደለም።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
እሺ፣ ስለ መከልከሉ ያልኩትን ለየቤቱ ልተወው። አንድ ነገር ግን አስገቡልኝ፣ ማታ ስልኩ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል እንዳያድር። ቻርጅ የሚደረገው ወላጅ ጋ ይሁን። እህታችን ያለችውን ቃል የመግባቱን ነገርም እኔ እፈርማለሁ፣ ለራሴ ልጅ እንደዛ ብዬው አላውቅም።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው እንዲህ ቀይሬዋለሁ፣ አንብቡትና እሺ በሉኝ፦

"ማኅበራችን ለወላጆችና አሳዳጊዎች ስልክ በእጅ ተይዞ የሚሠራ ልምምድ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው አይበልጥም። የሚጀመረው ልጅ ያጋጠመውን ሲናገር ስልኩ እንደማይነጠቅ ወላጅ ቃል በመግባት ነው። ከዚያ የወላጅ ስልክ ይዘጋጃል፣ ከዚያ የልጁ ስልክ ካለ። አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ በሥዕል የተደገፈ አንድ ገጽ እያንዳንዱ ሰው ይዞ ይሄዳል። ማታ ስልክ ወላጅ ጋ ያድራል።"

የቀረን ሁለት ነገር ነው። ለልምምዱ የቆየ አንድሮይድና የቆየ አይፎን የሚያውሰን እንፈልጋለን፣ ስልኩን ረስቶ የሚመጣ አይጠፋም። እናትየዋን ደሞ በግል ልጠይቅሽ ነበር፣ ታሪኩን ያለ ስም ብናስገባው ልጅሽ ይከፋት ይሆን?

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
እሷኑ ጠይቄ ነገ እነግርሃለሁ። እሺ ካላለች አይገባም።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፦
አንድሮይዱን እኔ አመጣለሁ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል ግን ይሠራል።