«ሲቆይ ይበስላል» ላላችሁት

ቀበና፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የአውስትራሊያዊው ዳይሬክተር የጆርጅ ሚለር «ማድ ማክስ» ፊልም ቀጣይ ክፍል፣ «ዌስትላንድ» የሚባለው፣ ለምን እስካሁን አልተሠራም ተብሎ ተጠየቀ። አንዱ ወንድማችን «ተዉት ይቆይ፤ የሚለር ፊልም ሲቆይ ይበስላል፤ ፊውሪ ሮድም 30 ዓመት በስሎ ነው የወጣው» ብሎ አለፈ። ሌሊቱን ሲያበሳጨኝ አደረ። ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ በ1985 ወጣ፣ አራተኛው፣ ፊውሪ ሮድ፣ በ2015። መሀል ላይ የሆነውን ረሳችሁት? በ2001 ሊቀረጽ ሲል የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ። የአሜሪካ ዶላር ከአውስትራሊያው አንጻር ወረደ፣ በጀቱ ተናጋ። ቀጥሎ የኢራቅ ጦርነት መጣ፤ ዕቃ በመርከብ ማጓጓዝ ራሱ ጣጣ ሆነ። ይሄ ነው መብሰል?

ሲኒማ ወዳድ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጥራው፣ አልሸሽም። በስሏል። ሰውየው ፊልሙን በስዕል ነው የጨረሰው፤ 3,500 ገደማ ስዕል። ያን ስዕል ዓመታት ሲያየው የኖረ ሰው፣ በስድስት ወር ጽፎ ካሜራ ከሚያነሳ ሰው ጋር እኩል አይደለም። 6 ኦስካር እኮ ነው።

ቀበና፦ ስዕሉ ገና ድሮ ነው ያለቀው። የተዘጋጀ ምግብ ገበታ ላይ አስቀምጠህ አሥር ዓመት ብታዘገየው «በሰለ» አይባልም። ቀዘቀዘ ነው የሚባለው።

ፉትስክሬይ፦ እኔ ያለሁት ሜልቦርን ነው። የመጀመሪያውን፣ የ1979ኙን፣ የቀረጹት እዚሁ አካባቢ ነው። ወደ ጂሎንግ ስሄድ በሊትል ሪቨር በኩል አልፋለሁ፤ ሜዳው ዛሬም ያው ነው፣ ጭር ያለ። እዚህ ሰው ስለ ፊውሪ ሮድ ሲያወራ ግን የሚያነሳው ዝናቡን ነው። እዚሁ አውስትራሊያ በረሃ፣ ብሮክን ሂል ላይ፣ ሊቀርጹ ተዘጋጅተው፣ መኪኖቹ ተሠርተው፣ ስንት ዓመት ደርቆ የኖረው ቀይ አፈር ላይ ዝናብ ጣለ። በረሃው እንደ መስከረም ሜዳ አበባ ለበሰ። ውሃ ያለቀበት ዓለም በአበባ መሀል አይቀረጽማ! መኪኖቹን ጭነው ናሚቢያ ሄዱ፣ 2012 ላይ ተቀረጸ። ቀበና ልክ ነው፤ ይሄ ዕጣ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም።

ቦቴ፦ ወንድሞቼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ የጅቡቲ መስመር። ስለ ኦስካሩ አላውቅም። ፊውሪ ሮድ ላይ ያለው ዋር ሪግ የምትሉት ትልቁ መኪና ግን ቦቴ ነው፤ ከሥሩ ታትራ ነው፣ ላዩ የድሮ ሸቭሮሌት። ሌሊት ጭቃ ውስጥ ሲያዝ ያለው ትዝ ይላችኋል? በዊንች ለመጎተት የሚያስሩበት ነገር ጠፋ። ያ ፀጉር የሌለው ልጅ ዛፉን አይቶታል፣ ስሙን ግን አያውቀውም። «ያ ነገር» ነው የሚለው። ልጅቷ ናት ዛፍ ማለቱ ነው ያለችው። እሱን ሳይ ሆዴ ባባ። እንዲህ ያለውን ነገር ተቻኩሎ የሚጽፍ ሰው የለም። እኔ ከሲኒማ ወዳድ ጋር ነኝ።

ሚሚ፦ ቦቴ፣ አፌን አስያዝከኝ። ግን አንድ ነገር ልበል። «በሰለ፣ በሰለ» ስትሉ ያበሰለውን ሰው አንዳችሁም አልጠራችሁም። 480 ሰዓት ቀረጻ ተቀብላ ሁለት ሰዓት ያደረገችው ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል ናት። ኦስካሩንም ወስዳለች። ሚስቱ ስለሆነች ነው ስሟ የሚዘለለው? ምድጃው ላይ የቆመችው እሷ ናት።

ሲኒማ ወዳድ፦ እህቴ፣ እሷን ማን ናቀ? አንቺ እኮ ለእኔ እየመሰከርሽ ነው። ጋይ ኖሪስንም ጨምሪ። በ1981ዱ ክፍል ወጣት ስታንት ሠሪ፣ አደገኛውን ትዕይንት የሚሠራ፣ ነበር፣ እግሩን ተሰብሯል። በ2015ቱ የስታንቱ ኃላፊ እሱ ነው። ሰው ነው የበሰለው።

ቀበና፦ አሁን «ሰው ነው የበሰለው» ሆነ? ትናንት ፊልሙ ነበር። ያልደረሱትንስ? ተዋናዩ ሂዝ ሌጀር ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለማክስ ታስቦ ነበር፣ 2008 ላይ ሞተ። የድሮው ማክስ ሜል ጊብሰንም ዕድሜው አለፈ።

ፉትስክሬይ፦ ጊብሰን ቀርቶ እንኳን ደስ አለን። የፊውሪ ሮዱ ማክስ ቶም ሃርዲ ይበልጣል።

ሚሚ፦ አይበልጥም! ሃርዲ ግማሹን ፊልም አፉ ታስሮ ነው ያሳለፈው። ፊልሙ ፉሪዮሳን የሠራችው የቻርሊዝ ቴሮን ነው።

ቀበና፦ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ እባካችሁ። ሲኒማ ወዳድ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። የፉሪዮሳ፣ ስለዚያችው ገጸ ባሕርይ የተሠራው ፊልም፣ ታሪኩ የተጻፈው ፊውሪ ሮድ ከመቀረጹ በፊት ነው። የወጣው 2024 ላይ። በአንተ ሒሳብ እሱም በስሏል። 168 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 170 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ኪሳራ ነው። መሀል ላይ ደግሞ የሚለር ድርጅትና የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ በፊውሪ ሮድ ቦነስ ተጣልተው ከ2017 ጀምሮ ፍርድ ቤት ነበሩ። ዌስትላንድን ያስቀረው ይሄ ይመስለኛል። ሰውየው የ1945 ልጅ ነው። «ይቆይ» የምትለው ለማን ነው?

ሲኒማ ወዳድ፦ ገቢ ሌላ፣ ጥራት ሌላ። ፉሪዮሳ ግሩም ፊልም ነው። ሰው ነው ያልሄደለት።

ሚሚ፦ እሺ፣ እዚህ ካለነው ውስጥ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ማን ነው? እኔ ገብቻለሁ። አሥር ሰው አልሞላንም።

ፉትስክሬይ፦ እኔም ገብቻለሁ፣ ሁለቴ።

ቦቴ፦ እኔ በስልክ ነው ያየሁት። ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ጋቢና ውስጥ።

ሲኒማ ወዳድ፦ በስልክ አይቶ ቀጣዩ ይሠራልኝ ማለት ልክ አይደለም ወንድሜ።

ቦቴ፦ ሚሌ ላይ ሲኒማ ቤት ካለ አሳየኝና ዛሬ ማታ እገባለሁ።