ስሊፒንግ ባጉ ሻንጣውን ሞላው፤ ምን ይሻላል?

ለጥቂት ሌሊቶች ተራራ ላይ በድንኳን ላድር ነው። የጀርባ ሻንጣዬ 40 ሊትር ነው። ያስቸገረኝ ስሊፒንግ ባጉ፣ ማለትም ውስጡ ገብቼ የምተኛበት የመኝታ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ፖሊስተር ስለሆነ በማጥበቂያ ከረጢት አስሬ ብጨምቀውም የሻንጣውን ግማሽ ይወስዳል። ድንኳኑን ከውጭ አስሬ ሞከርኩ፤ ስራመድ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ ትከሻዬንም ያመኛል። ምድጃውን ልተወው አልኩና ተመለስኩ፤ ያለ ትኩስ ነገር ብርድ ላይ ማደር ለእኔ ጉዞ አይባልም። የዝናብ ልብሱና ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ የግድ ናቸው። የላባው ስሊፒንግ ባግ ሲጨመቅ በጣም እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ከረጠበ ግን ሙቀቱን ያጣል፣ የምሄደውም በዝናብ ወቅት ነው። ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይበቃል፦ የላባውን ገዝቼ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ልያዘው ወይስ ያለኝን ይዤ 60 ሊትር ሻንጣ ልግዛ?