ወደ ተራራው ፍል ውሃ፦ የጉዞው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ የጀመርነው የፍል ውሃ ጉዞ ረቂቅ ይኸው። ለሥራ አመራሩ በማኅበሩ ስም የሚቀርብ አንድ ሐሳብ ስለሆነ ቅር የሚላችሁ ነገር ካለ አሁን ተናገሩ፤ መንገድ ላይ ማጉረምረም አይሠራም። ረቂቁ አጭር ነው፦ 24 ሰው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ሁለት ሰዓት ተኩል ሽቅብ በእግር፤ ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ውሃው ውስጥ፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ መኪናው።

ለቅኝት የሄደው አባል፦ እጅህ ይባረክ፣ ግን "ከ3 እስከ 9 ውሃው ውስጥ" የምትለዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። ባለፈው ወር ከጓደኛዬ ጋር ወጥቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኩሬዎቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ በታች። ላይኛው፣ ምንጩ የሚወጣበት፣ ስለካው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። መካከለኛው 46። ታችኛው ከጎኑ ቀዝቃዛ ጅረት ስለሚገባበት 39። ሲያዩዋቸው ግን ልዩነት የላቸውም፣ ሦስቱም ጥርት ያሉ ናቸው። እንዲያውም የሚንተከተከው ታችኛው ነው፤ ከሥሩ ጋዝ ስለሚወጣ እንጂ ስለፈላ አይደለም። በዓይኔ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ዘው የምለው ላይኛው ውስጥ ነበር።

እንደዚያም ተጠንቅቄ አልተረፍኩም። በምንጩ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት አለ፤ ውሃው ከመሬት ሥር ይዞት የወጣው ማዕድን ዳር ዳሩን እየጋገረ የሠራው ነው። ድንጋይ መስሎኝ ረገጥኩት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ወዲያው አወጣሁት፣ ግን ካልሲው ትኩሱን ውሃ ይዞ ቀረ። ጫማዬን ፈትቼ ካልሲዬን እስክገፍ ድረስ ቆዳዬ ውሃ ቋጥሯል። መውረጃው ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን አትርሱ።

ነርሷ፦ እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ለሌሎቻችሁ፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ 71 ደግሞ ያን ያህልም አይጠብቅም። ስለዚህ ላይኛውና መካከለኛው ከረቂቁ ይውጡ። "ጣቴን ብቻ ልሞክር" የሚባል ነገርም አይኑር። ታችኛውም ቢሆን ያለፈው ወር 39 ስለነበረ ዛሬም 39 ነው ማለት አይደለም። ጅረቱ ሲሞላ ይቀዘቅዛል፣ ጅረቱ ሲሳሳ ይሞቃል። እዚያው ደርሰን እንለካለን፤ ከ40 ካለፈ የዚያን ቀን ማንም አይገባም። ከ40 በታች ከሆነም በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ኩሬው ስንት ሰው ይይዛል?

ለቅኝት የሄደው አባል፦ ተጨናንቆ ስምንት። በወጉ ስድስት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ስድስት ስድስት ሆነን አራት ቡድን። 15 ደቂቃ መግቢያ፣ 5 ደቂቃ መቀያየሪያ፣ አንዱ ዙር 80 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ዙር ብናደርግ ከ3 ሰዓት ጀምረን ከ6 ሰዓት በፊት እንጨርሳለን። ሌላው ሦስት ሰዓት ምን ሊሠራ ነው?

ወጣቱ አባል፦ ሊዋኝበት ነዋ! ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ 15 ደቂቃ እንደ ጨው ተዘፍዝፌ ልወጣ? ጭንቅላቴን ሳልነክር ምኑን ገባሁት። ደግሞ ከጥልቁ በኩል መጥለቅ እንደሚቻል ሰምቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ እሷን እንኳ ተዋት። በሞቀ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ውስጥ የምትኖር ኔግሌሪያ ፋውለሪ የምትባል አሜባ አለች፤ እስከ 46 ዲግሪ ሙቀት ትችላለች። ውሃውን ብትውጠው አትጎዳህም። በአፍንጫ ከገባች ግን የማሽተቻውን ነርቭ ይዛ ወደ አንጎል ትሄዳለች። በሽታው እጅግ ብርቅ ነው፤ የያዘው ሰው ግን የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። መጥለቅ፣ መዝለል፣ ውሃ መረጫጨት ሁሉ ውሃውን ወደ አፍንጫ የሚገፋ ነው። አንገት ከውሃ በላይ፣ አለቀ።

ወጣቱ አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ግን አንድ ጥያቄ፦ ውሃውን የሚያሞቀው ምንድን ነው? ከሥራችን እሳተ ገሞራ አለ ማለት ነው?

የባዮሎጂ መምህሩ፦ የግድ አይደለም። ወደ መሬት ውስጥ በወረድክ ቁጥር በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የዝናብ ውሃ በስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል፣ ጥልቅ ቦታ ይሞቃል፣ በሌላ ስንጥቅ ተገፍቶ ይወጣል። የምንታጠብበት ውሃ አያቶቻችን ሳይወለዱ የዘነበ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለኝ፤ ሳሙና ይከልከል፤ "ተፈጥሯዊ" ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን። መታጠብ የፈለገ ውሃ በዕቃ ቀድቶ ከኩሬውም ከጅረቱም 60 ሜትር ርቆ ይታጠብ።

እግረ መንገዴን፦ ድንጋዩ ላይ ብርቱካንማና አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን ዝልግልግ እንዳትፍቁት። ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ባለው የየሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር የሰበሰበው ባክቴሪያ ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ኖሮት ተገኝቶ፣ ኋላ የፒሲአር ምርመራ የቆመው በዚያ ላይ ነው። በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን የተጎረጎረበት ምርመራ ማለት ነው። እዚያው የሎውስቶን ሞርኒንግ ግሎሪ የተባለው ኩሬ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነበር፤ ጎብኚ ሳንቲምና ቆሻሻ ሲወረውርበት ማውጫው በከፊል ተደፍኖ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ባክቴሪያው ከዳር ወደ መሀል ገብቶ ቀለሙ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ዞረ። ሳንቲም ይዞ የሚመጣ ካለ እዚሁ ለገንዘብ ያዥ ይስጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተቀባይነት አግኝቷል።

አንጋፋዋ አባል፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። 68 ዓመቴ ነው፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ባለፈው ጉዞ "ለእርስዎ አይሆንም" ተብዬ ቀረሁ። ውሳኔውን የሰማሁት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ዘንድሮም 24 ሲባል እኔ ከ24ቱ ውስጥ ነኝ ወይስ የለሁም?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ያለፈው ጥፋት የኔም ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነርሷ፦ እትዬ፣ አይሆንም ከማለታችን በፊት ለምን እንደሚያሠጋ ልንገርዎት፣ ከዚያ እርስዎ ይወስናሉ። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። መድኃኒቱም የሚያወርደው ያንኑ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ውሃ ውስጥ ሆነው ምንም አይታወቅዎትም፤ ብድግ ሲሉ ነው ዓይንዎ ብዥ የሚለው። ያ ድንጋይ ደግሞ ያሙለጨልጫል። አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። እሺ ካለ ዳር ተቀምጠው እግርዎን ይንከሩ፤ ከተስማማዎት እስከ ወገብ፤ ሲወጡም ዳሩ ላይ አረፍ ብለው፣ ሰው ተደግፈው። ነፍሰ ጡር እኅቶች ግን በ39ም እንዳይገቡ እመክራለሁ። አልኮል የቀመሰም አይገባም፤ ይህ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

ወጣቱ አባል፦ ምነው ሁሉም ወደ እኔ ዞረ?

ለቅኝት የሄደው አባል፦ አንድ የረሳሁት። ከምንጩ ጀርባ ነፋስ የማይነካት ጎድጓዳ ቦታ አለች፤ ለማረፊያ የተሠራች ትመስላለች። ተቀመጥንባት። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነበር፣ የብር ቀለበቴም ጠቆረ። ጥቂት ስንቆይ ሽታው የጠፋ መሰለንና ተለማመድነው አልን።

ነርሷ፦ እሱን ነው መጀመሪያ መናገር የነበረብህ! ያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፣ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮት ካለ እሱማ ከነጭራሹ ሽታ የለውም። ማረፊያችን ከኩሬው ወዲህ ያለው ነፋሻማው ትከሻ ላይ ይሁን፤ ብርዱን በጃኬት እንችለዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ብርዱ ካነሣሽ፣ ከሙቅ ውሃ ወጥቶ በእርጥብ ልብስ ተራራ ላይ መቆም ራሱ ያሳምማል። እያንዳንዱ ሰው ፎጣና ሙሉ ቅያሪ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ። የተረፈው ሰዓት ለዚህ ይውላል፤ ደርቀን፣ ለብሰን፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሳይወርድብን እንውረድ።

ጸሐፊ፦ የተስማማንበትን ጻፍኩት፣ እዩልኝ፦ "ማኅበሩ 24 አባላቱን ይዞ ወደ ተራራው ፍል ውሃ አንድ ቀን እንዲጓዝ ይጠይቃል፤ አንጋፋ አባላትም በቁጥሩ ውስጥ ናቸው። መታጠቢያው ታችኛው ኩሬ ብቻ ነው፤ ውሃው ከመግባት በፊትና በየቡድኑ ቅያሪ ይለካል፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ መታጠቡ ይቀራል፣ ጉዞው ግን አይቀርም። በስድስት ሰው ቡድን፣ 15 ደቂቃ፣ ሁለት ዙር፤ አንገት ከውሃ በላይ። ወደ ነጩ ቅርፊትና ወደ ጎድጓዳው ማንም አይጠጋም። ሳሙና የለም። መውረጃ 6 ሰዓት ተኩል።" የጥበቃውን ፈቃድ እኔ አመጣለሁ። ሰዓት የሚይዝና የሚለካ ሰው ግን አላገኘሁም፤ ሁሉም መግባት ነው የሚፈልገው።

አንጋፋዋ አባል፦ እኔ እይዛለሁ። እግሬን ነክሬ ከዳር መቀመጤ ካልቀረ ሰዓቱንም ቴርሞሜትሩንም ስጡኝ።

ለቅኝት የሄደው አባል፦ ቴርሞሜትሩን እኔ አመጣለሁ እትዬ፤ ገመዱ ግን አጭር ነው፣ ባለፈው ለመለካት ውሃው ላይ ማጎንበስ ነበረብኝ።

አንጋፋዋ አባል፦ ሦስት ሜትር ገመድ ቤቴ አለ። ፊሽካም አለኝ፤ 15 ደቂቃ ሲሞላ ያልወጣ ይሰማታል።