ድርጅት የሌለው ሠዓሊ የእርዳታ ገንዘብ በማን በኩል ይቀበል?

ደሴ ነው የምኖረው፣ ሠዓሊ ነኝ። ከአንዲት የቲያትር ባለሙያ ጓደኛዬ ጋር ሆነን በ2014ቱ ጦርነት በደል ከደረሰባቸው 14 ሴቶች ጋር ሰባት ወር ሠርተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት ክፍል ቡና ይፈላል፣ ማውራት የፈለገች ታወራለች፣ ያልፈለገች ጥልፏን ይዛ ትቀመጣለች። ፊታቸውን አንቀርጽም።

ኪራዩን፣ ክሩንና ትራንስፖርቱን እስካሁን ከኪሳችን ችለናል። አሁን በእጃችን ያለው የሁለት ወር ኪራይ ብቻ ነው።

ሁለት ቦታ አመለከትኩ። አንዱ የተመዘገበ ድርጅትና የኦዲት ሪፖርት ጠየቀኝ። ሌላው የሴቶቹን ስምና ፎቶ ላኪ አለኝ፤ ይህንን አላደርገውም፣ አምነውኝ ነው የነገሩኝ። የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ (የኔዘርላንድስ የባህል ድጋፍ ተቋም) ለግለሰብ አርቲስት 5,000 ዩሮ የሚሰጥበት ሽልማት አለው፣ ግን ሙያውን በቅርቡ ለጀመሩ ነው፣ እኔ 15 ዓመት ሆነኝ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ራሳችን እንመዝገብ ብለንም ነበር፣ የየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ግን ለሁለት ሰው ይከብዳል።

የቀረን መንገድ አንድ የተመዘገበ ማኅበር ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ እንዲያስተላልፍልን መዋዋል ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ማኅበሩ የሴቶቹን ማንነት እንዳይጠይቅ ውሉ ላይ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?