የመምህሩን ፓስወርድ የተጠቀሙ ተማሪዎች ከኮምፒውተር ላብ ይታገዱ?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ፓስወርድ ኪቦርድ ሥር ተለጥፎ አገኙት። በእሱ ገብተው የክፍላቸውን ልጆች ውጤት በሙሉ አዩ። ምንም አልቀየሩም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ኮምፒውተር እንዳይነኩ ሊያግዳቸው ነው። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ፤ ድምፄን ገና አልሰጠሁም። ቅጣቱ ከበደኝ። ዝም ብሎ ማለፉም ልክ አልመሰለኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስናላችሁ?

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
እኔ ይታገዱ ባይ ነኝ፣ መምህር። የትምህርት ቤት ሲስተም ውስጥ ውጤት ብቻ አይደለም ያለው። የወላጅ ስልክ አለ፣ አድራሻ አለ፣ የልጁ የጤና ሁኔታ ሳይቀር ይመዘገባል። «አየን እንጂ አልነካንም» ማለት ሰው ቤት ሳይፈቀድለት ገብቶ «ዕቃ አላነሳሁም» እንደማለት ነው። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 በትምህርት ተቋማት የደረሱ 215 የመረጃ ጥሰቶችን መርምሮ ነበር። የመረመረው ከውስጥ ሰው የመጡትን ነው። 57 በመቶው የተማሪ ሥራ ሆኖ ተገኘ። «ልጆች ናቸው» እያልን የምናልፈው ይሄን ያህል ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ያንን ምርመራ እኔም አንብቤዋለሁ። የቀረውንም ልጨምርበት። 30 በመቶ ያህሉ ጥሰት የተፈጸመው በተሰረቀ ፓስወርድ ነው፤ ከእነዚህ 97 በመቶው የተማሪ ሥራ ነው። ከጠቅላላው ረቀቅ ያለ ዘዴ የታየበት ግን 5 በመቶው ብቻ ነው። ልጆቹ በቀላሉ የሚገመት ፓስወርድ ይሞክራሉ፣ ወይ ወረቀት ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ልክ እንደዚህኛው። ታዲያ ፓስወርዱን ኪቦርድ ሥር የለጠፈው መምህር ምን ተባለ?

መምህሩ፦
ምንም አልተባለም፣ እህቴ። እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄውም አልተነሳም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እንግዲያው ኮሚቴው ሥራውን አልጨረሰም። ልጆቹ አላጠፉም አላልኩም፤ አጥፍተዋል። ግን ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ የሄደውን ትልቅ ሰው ዝም ብለን ልጆቹን ብቻ ከቀጣን፣ ልጆቹ ምን ይማራሉ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
ተማሪ ስለሆንኩ እኔም ልናገር። እገዳ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው። እኛ ክፍል አንድ ልጅ ታግዶ ነበር። የቤት ሥራ የሚገባው ግን በኮምፒውተር ነው። በሁለተኛው ሳምንት በኔ አካውንት መግባት ጀመረ። ፓስወርዴን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ዜሮ እያገኘ ዝም ብዬ ማየት ከበደኝ። ጥፋት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በኔ ስም ገብቶ የሚያደርገው ሁሉ የሚመዘገበው እኔ ላይ ነው። በሰው ፓስወርድ ገባህ ተብሎ የታገደ ልጅ ተመልሶ በሰው ፓስወርድ ነበር የሚገባው። ማንም ልብ አላለውም።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
በግልጽ ስለተናገርክ አከብርሃለሁ። ይሄ የማላውቀው ነገር አይደለም፤ መዝገቡ ላይ አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ሁለት ማሽን ላይ ሲከፈት አያለሁ። እሺ፣ እገዳው ላይ ትንሽ ልለሳለስ። ግን ሌላውን ነገርም እንዳትረሱ። በየሳምንቱ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ከተማሪ ፍላሽ አጸዳለሁ። መስመራችን 20 ሜጋቢት ቢሆን፣ አራት ልጆች ጥራት ያለው ቪዲዮ ከከፈቱ ለሌላው ምንም አይተርፍም። አንዳንድ ገጾችን የሚዘጋውን ፊልተር ለማለፍ ደግሞ ነፃ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታቸውን በሌላ ሰርቨር የሚያዞር ፕሮግራም ይጭናሉ። ምንም አልተከፈለበትም፤ የልጁ ነገር ሁሉ ግን በማያውቀው ሰው ሰርቨር ያልፋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
ቪፒኤኑን የምንጭነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ለባዮሎጂ ስለ ጡት ካንሰር ስፈልግ ፊልተሩ ዘጋብኝ። ማንን ልጠይቅ? ማን እንደሚከፍተው የነገረን የለም።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
እሱስ ልክ ነህ። የሚጠየቅበት መንገድ መኖር አለበት። ይሄ የኛ ጉድለት ነው።

አንድ አባት፦
ነገሩን አታክብዱት። መፍትሔው ክትትል ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ስክሪን የሚያሳይ ሶፍትዌር ይጫን። የሚደብቀው ነገር የሌለው ልጅ ምን ይሆናል?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ በጣም እንጠንቀቅ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ላፕቶፕ አድለው ነበር። ቢሰረቅ ለማግኘት ተብሎ ካሜራውን ከርቀት የሚያበራ ሶፍትዌር ተጫነበት። ያ ካሜራ ልጆችን ቤታቸው ድረስ፣ መኝታ ክፍላቸው ሳይቀር ፎቶ ሲያነሳ ተገኘ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ምስል ነው የተሰበሰበው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ትምህርት ቤቶቹም 610 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የጫኑት ሰዎች ሐሳባቸው ሌባ መያዝ ነበር። ክትትል ይኑር ካላችሁ፣ ምን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ልጆቹም ወላጆችም አስቀድመው ይወቁ።

ጡረታ የወጣ ፕሮግራመር፦
እኔ ስለ ቅጣት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ታፓን ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ወደ 6 ሺህ ኮምፒውተር እንደመታ ይገመታል። በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔቱ አንድ አስረኛው ማለት ነው። ጥፋተኛ ተባለ፤ ግን እስር ቤት አልላኩትም። የ3 ዓመት አመክሮ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10 ሺህ ዶላር በላይ መቀጫ ተወሰነበት። በኋላ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
ዩኒቨርሲቲው ግን አግዶታል፣ አባቴ። ይሄም ይነገር።

ጡረታ የወጣ ፕሮግራመር፦
አዎ፣ አግዶታል። አልካድኩም። ከኮምፒውተር ግን ለዘላለም አልተለየም፣ ለማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ሁለቱ ልጆች ብዙ ተባለ። ውጤታቸው ስለታየባቸውስ? እኔ 9ኛ ክፍል እያለሁ እንዲሁ ውጤታችን ታይቶ ነበር። ማንም ምንም አልቀየረም። ሒሳብ 31 ነበር ያገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሠላሳ አንድ» ሆነ። ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። ጥያቄ ለመመለስ እጄን ሳወጣ ከኋላ ሹክሹክታ እሰማለሁ። በመጨረሻ እጄን ማውጣት ተውኩ። ልጆቹ ተቀጥተው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ከላብ ታገዱ። እኔን ግን «ውጤትሽ ታይቷል» ብሎ የነገረኝ የለም፣ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቢታገዱም ለኔ ምንም አይለውጥም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ ይሄን ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። እኔም እስካሁን ስለነሱ አላሰብኩም ነበር።

መምህሩ፦
እኔም አላሰብኩም፤ ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። የማቀርበው ይሄን ነው። ዓመቱን ሙሉ ማገዱን እቃወማለሁ። ሁለቱ ልጆች እስከ ወሩ መጨረሻ መምህር ባለበት ብቻ ይሥሩ፤ የቤት ሥራቸው እንዳይቋረጥ። ባልደረባዬም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ የሁላችንም ፓስወርድ ይቀየር። የተዘጋ ገጽ እንዲከፈት የሚጠየቅበት መንገድም ይኑር።

የኔትወርክ ሠራተኛ፦
በአንዱ አልስማማም። እስከ ወሩ መጨረሻ ያንሳል፤ ቢያንስ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይሁን። ፓስወርዱን ግን ዛሬውኑ አስቀይሩ፣ ስብሰባ አትጠብቁ።

መምህሩ፦
ተቀይሯል፤ ዛሬ ጠዋት። ስብሰባው ነገ ነው። መጀመሪያ የማነሳው ግን ቅጣቱን አይደለም። በዚያ ክፍል 43 ተማሪዎች አሉ። ሁለቱ ያዩት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት 41ዱ ውጤታቸው እንደታየ እስካሁን አያውቁም።