ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ጥሩ የሚመታ ሰው ላይ መወራረድ ያዋጣል?

የአሌክሳንድሪያው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ልግባ። ቤዝቦል ማየት የጀመርኩት ልጄ እዚህ ሰፈር መጫወት ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው ሱፍ የሚቆረጥሙበት ነገር ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ገባሁበት። ቨርጂንያ ውስጥ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ውርርድ በስልክ ተፈቅዷል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እጫወታለሁ። አምስት ዶላር፣ አሥር ዶላር። ቡድን ላይ አልጫወትም፤ ተጫዋች ላይ ነው። እገሌ ዛሬ ሂት ይመታል (መትቶ ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ የሚያርፍበት ጣቢያ፣ ይደርሳል)፣ እገሌ ቤዝ ላይ ያለውን ሰው ዞሮ ነጥብ እንዲያስቆጥር ያስገባል፣ እንዲህ እንዲህ።

ደብተር አለኝ። አምስት ዓምድ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ስንት ይመታል፣ ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ሲገጥመው ስንት፣ በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ስንት፣ ቀንና ማታ ስንት፣ የዛሬውን ፒቸር ከዚህ በፊት ገጥሞት ስንት መታ። ባለፈው ሳምንት አምስቱም የሚስማሙለት ሰው አገኘሁ። ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር .380 ይመታል (ከሺህ ሙከራ 380 ሂት እንደማለት ነው)። ፒቸሩ ግራኝ፣ እሱ ቀኝ። ያንኑ ፒቸር 9 ጊዜ ገጥሞት 5 ሂት። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? አንድ ሰው ያስገባል ብዬ ሃያ ዶላር ጣልኩ። ሁለቴ ስትራይክ አውት ሆነ (ኳሷን ሳያገኛት ወጣ)፣ አንዴ ኳሷን መሬት ለመሬት መትቶ ተያዘ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ አሰልጣኙ አስወጥቶ ሌላ ሰው አስገባ። ተበላሁ።

ከነዚህ ቁጥሮች የሚጠቅመው የትኛው ነው፣ ወሬውስ የትኛው? ሚስቴ ደብተሩን አይታ «ዕቁብ ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ።

ቆጣሪው፦

ወንድሜ፣ አምስቱንም ዓምድ እኔም ይዤ ነበር። ሦስቱን ሰርዛቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበላው እዚያ ላይ ነው። ጭንቅ ሲመጣ የሚጠነክር ሰው አለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥም አለ፤ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ ቁጥሩ ያንን አይለካም። አንድ መቺ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ቆሞለት የሚመታው በዓመት መቶ ምናምን ጊዜ ነው። .250 የሚመታን ሰው 100 ጊዜ አስመታው፤ ሰውዬው ምንም ሳይለወጥ፣ በዕድል ብቻ፣ አንዴ .207 ሌላ ጊዜ .293 ቢያወጣ የሚገርም ነገር የለውም። ያንተ .380 ስንት ጊዜ መትቶ ነው? ሠላሳ? አርባ? አርባ ጊዜ 14 ሂት ያለው ሰው .350 ነው። ሁለቷ ኳስ ጓንት ጫፍ ነክታ ባትወድቅ ኖሮ .300 ነበር። በሁለት ኳስ ሃምሳ ነጥብ ማለት ነው።

የ2013ቱን ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ እይ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ቡድኑ በሙሉ .330 መታ፣ ሪከርድ ነው። በጠቅላላው ግን .269 ብቻ። አለን ክሬግ የሚባለው ሰውዬ ብቻውን .454! በሚቀጥለው ዓመት ያው ቡድን በዚያው ሁኔታ .254 ወረደ። ያስገቡት ረን (ነጥብ) ከ783 ወደ 619። ክሬግ በመሃል ወደ ቦስተን ተላከ፣ ዓመቱን በ.215 ጨረሰ። እርግጥ እግሩን ተጎድቶ ነበር። ግን ቡድን ሙሉ እግሩን አይጎዳም። በ2014 መጀመሪያ ላይ የ.330ውን ቁጥር አይቶ ብሩን የጣለ ሰው ምን እንደሆነ አስበው።

አንዴ ለቀልድ ብዬ መቺዎችን በጾም ቀንና በፍስክ ቀን ከፈልኳቸው። ረቡዕና ዓርብ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ ዓርብ ሲሆን የሚያብድ ሰውዬ! ልዩነቱ ካንተ የቀንና የማታ ዓምድ ይበልጣል። እንግዲህ ሰውዬው ሽሮ በልቶ ነው የሚመታው ልበል?

ከ9 ጊዜ 5 ሂት የሚለውንም እርሳው። አንዱ ሂት የዛሬ አራት ዓመት የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ፒቸሩ ያኔ ይወረውራት የነበረችውን ኳስ ዛሬ ትቷት ይሆናል።

ጋሽ ነባሩ፦

ቆጣሪው፣ አክብሮት አለኝ፣ ግን ቁጥር ብቻ ሆንክ። እኔ ይሄን ጨዋታ ካየሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት ስሠራ በሬዲዮ ነበር የምሰማው። የኒው ዮርክ ያንኪሱን ዴሬክ ጂተርን ያየ ሰው ክፉ ቀን የሚወጣ ልጅ የለም ሊለኝ አይችልም። ጥቅምት ሲመጣ፣ የዋንጫው ጨዋታ ሲደርስ፣ ሌላ ሰው ነበር።

ቆጣሪው፦

ጋሽዬ፣ ሳልደፍር ልናገር፣ ጂተር የኔ ማስረጃ ነው። በመደበኛው ጨዋታ ዕድሜ ልኩን .310 መታ። ከዚያ በኋላ ባለው የዋንጫ ጨዋታ ደግሞ 158 ጨዋታ አለው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስንት መታ? .308። ያው ሰው ነበር! በጥሩ ፒቸሮች ላይ ያው መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱን አልክድም። ግን በክፉ ቀን ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ብሬን አልጥልም።

ጋሽ ነባሩ፦

እሺ ያው ሰው። ግን ሌላው ሲያንስ እሱ ያላነሰው ለምንድነው? እሱን አስብበት።

ግራኝ ነኝ፦

የግራኝና የቀኝ ዓምድህን አትሰርዘው። እሱ እውነት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፍትቦል እጫወታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ የሚወረውርበት ቦታ ሄጄ እመታለሁ፣ ግራኝ ነኝ። አንድ ቀን ኮሌጅ የተጫወተ ግራኝ ጓደኛዬ ወረወረልኝ። ኳሷ ከጀርባዬ የምትመጣ ነው የመሰለኝ። ትከሻዬ ሳላዘው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከዚያ ኳሷ ተጠማዛ ከፊቴ አልፋ ወደ ውጪ ወጣች፤ እኔ ዱላዬን ይዤ ባየሩ ላይ ቀረሁ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሲሆን ኳሷን ከእጁ ስትወጣ ጀምሮ አያታለሁ። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ልብ ወይም ወኔ የሚባል ነገር የለበትም፣ የዓይን ጉዳይ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የአንድን ሰው የግል ልዩነት ለማመን በጣም ብዙ ተራ ያስፈልጋል፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ የሚገጥሙት ግራኝ ፒቸሮች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የሁሉንም ቀኝ መቺዎች አማካይ ልዩነት ያዝና የሱን ቁጥር ወደዚያ ጎትተው። ግራኝ መቺ ከሆነ ደግሞ የድሮ ቁጥሩን በጥንቃቄ እይ፤ ከ2023 ጀምሮ ከሁለተኛ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ተከላካይ መቆም ግድ ሆነ፣ ከዚያ በፊት እነዚህ ሰዎች ሲመቱ ሦስቱ ባንድ በኩል ተሰልፈው ነበር የሚጠብቋቸው።

ሁለተኛውና አንተን የበላህ ይሄ ነው። ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር አምስት ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ይወጣል። ሰውዬህ ግራኙን የሚያገኘው ሁለቴ ነው፣ ቢበዛ ሦስቴ። ሰባተኛው ላይ ማን ገባ? ቀኝ እጅ ፒቸር መሆን አለበት። አሰልጣኙም ሰውዬህን አውጥቶ ግራኝ መቺ አስገባ። ደብተርህ ላይ «ግራኝ ላይ ጎበዝ» ብለህ የጻፍከው ሰው ቀኝ እጅ ሲመጣ የሚወጣ ሰው ነው! ያስጫወተህ ቁጥር ራሱ ነው ያስወጣው።

የአሌክሳንድሪያው፦

ኧረ በስመ አብ። አሁን ከፍቼ አየሁት። ቀኝ እጅ ነው የገባው።

ዴንቨር ነኝ፦

የሜዳ ዓምዱንም አትሰርዝ፣ በተለይ ወደኛ ጋ ሲመጡ። ከተማችን 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ኳሷ ትሄዳለች፣ የተጠማዘዘችውም እንደሌላው ቦታ አትጠማዘዝም። የኛው ቡድን የሮኪስ ተጫዋች የነበረው ላሪ ዎከር እዚህ ሜዳ ላይ .381 ነበር የሚመታው፣ ከሜዳው ውጪ ባጠቃላይ .278። ይሄ ዕድል አይደለም። አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ስታዲየም ቢሠሩ ኳሷ መገናኛ ትወርድ ነበር። ችግሩ ይሄን እኔ ብቻ የማውቀው አይደለም። እዚህ ጨዋታ ሲኖር አወራራጆቹ የረኑን መስመር (የሚገመተውን የረን ብዛት) ከፍ አድርገው ነው የሚያወጡት። የሚያውቁትን ነገር መልሰህ ልትሸጥላቸው አትችልም።

አንድ መንገደኛ፦

ተው ወንድሜ። ብታሸንፍም የምታስይዘውን መጠን ይቀንሱብሃል፣ እኔ ላይ አድርገውታል። ስትበላ ግን ማንም አይቀንስልህም።

ቆጣሪው፦

መንገደኛው ውሸት አላለም። ለማንኛውም ደብተሩ ላይ የጎደለውን ልንገርህ፣ ዋጋው የለበትም። ሰውዬው ይመታል ወይ ብለህ ጠየቅክ፤ በዚህ ዋጋ ያዋጣል ወይ ብለህ አልጠየቅክም።

የአንድ ሂት ውርርድ ላይ −250 ከጻፉልህ 100 ለማግኘት 250 ታስይዛለህ። የሚያዋጣህ ከመቶው ቢያንስ 71.4 ጊዜ ከተሳካ ነው። አሁን .270 የሚመታ ሰው አምጣ። 0.73ን አራት ጊዜ እርስ በርሱ አባዛውና ከ1 ቀንስ፤ አራት ጊዜ ከመታ ቢያንስ አንድ ሂት የማግኘቱ ዕድል 71.6 ነው። ሻይ እንኳን አይገዛም። ሦስት ጊዜ ብቻ ከመታ ደግሞ 61.1። አየህ? .270 ይሁን .280 ብለህ ከምትጨነቅ ስንት ጊዜ ይመታል ብለህ ብትጨነቅ ይሻላል። ዎክ አግኝቶ (ሳይመታ በነጻ ቤዝ ተሰጥቶት) የሄደበት ተራ ለሂት ምንም አይጠቅምህም። የመምቻ ተራው አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል በዓመት 18 ያህል ዕድል ያጣል። በሜዳው የሚጫወት ቡድን እየመራ ዘጠነኛው ላይ ከደረሰ ደግሞ ጨርሶ አይመታም፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ የእንግዳው ቡድን አንደኛ መቺና የባለሜዳው ስምንተኛ መቺ አንድ ዓይነት አማካይ ቢኖራቸውም ለኔ አንድ አይደሉም።

ቤዝ ላይ ያለውን ያስገባል የሚለውን ውርርድ ደግሞ እኔ ትቼዋለሁ። ከፊቱ ያሉት ሦስት ሰዎች ቤዝ ካልደረሱለት ሆም ረን (ከአጥር በላይ የሚመታ ኳስ) ካልሆነ በቀር ማንን ያስገባል? እሱ ላይ ተወራርደህ በነሱ ነው የምትበላው።

አሰላለፉ ሳይወጣ ደግሞ አትጫወት። ከጨዋታው ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ይወጣል።

የአሌክሳንድሪያው፦

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ዓምድ ሰረዝኩ። «ስንተኛ ነው የሚመታው» እና «ዋጋው» የሚሉ ሁለት ጨመርኩ። ያ ሰውዬዬ ሰባተኛ ነበር የሚመታው፣ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ስድስት ሰው ይዤ በቆጣሪው ስሌት አባዛሁ፣ ቀነስኩ፤ አንዱም ዋጋውን አልደረሰም፣ በጣም የቀረበው በሦስት ነጥብ ጎደለ። እንግዲህ ዛሬ ከልጄ ጋር ሱፍ እየቆረጠምኩ ዝም ብዬ ላየው ነው።

ጋሽ ነባሩ፣ የሬዲዮውን ወሬ ሌላ ቀን ይጻፉልን።

ቆጣሪው፦

ጥሩ። ግን ዛሬ ዓርብ ነው እኮ፣ የጾሙ ሰውዬዬ ሦስተኛ ነው የሚመታው።