ጊትሃብ ላይ ፑሽ ሲደረግ የሬድማይን ቲኬት እንዲያውቀው

ናቲ፦ ሰላም ጎበዞች። ኮዳችን ጊትሃብ ላይ ነው፤ ቲኬት የምንከታተለው ደግሞ ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ በሬድማይን ነው፣ ከውጭ ይደረስበታል። ኮሚት መልእክቱ ላይ «ሬፍስ #412» (ቲኬት ቁጥር 412ን ለመጥቀስ) ብለን ፑሽ እናደርጋለን፤ ቲኬቱ ላይ ግን ምንም አይታይም። ዌብሁኩን (ፑሽ ሲደረግ ጊትሃብ በራሱ የሚልከውን ጥሪ) ወደ ሬድማይን አድራሻ ባዞረውም ያው ነው። ምን ጎደለ?

ሄለን፦ ሬድማይን ጊትሃብ ድረስ ሄዶ አያነብም፤ የሚያነበው እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ያለ የጊት ቅጂ ነው። ሪፖውን በ«ሚረር» አማራጭ ክሎን አድርግና ያለበትን ፎልደር ፕሮጀክቱ ሴቲንግ ውስጥ ስጠው። ዌብሁኩ አንተ የምትጽፋትን አጭር ስክሪፕት ይጥራ። እሷ መጀመሪያ ቅጂውን በ«ጊት ፌች» ታድሳለች፣ ከዚያ ሬድማይን አዲሶቹን ኮሚቶች እንዲያነብ ትጠራዋለች። ከተገለባበጠብህ ሁሌም አንድ ፑሽ ወደኋላ ነህ። ለጥሪው የሚያስፈልገው ቁልፍ አድሚኒስትሬሽን ውስጥ የሪፖዚተሪ ሴቲንግ ላይ አለ፤ ዌብ ሰርቪሱን እዚያው አብራው።

አባ ሊኑክስ፦ ሄለን ጨርሳዋለች፤ ጊትሃብ ግን መልስ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ሪፖው ከባድ ሆኖ ኔትወርኩ ከተንቀራፈፈ ፌቹ ሳያልቅ ጥሪው «አልተሳካም» ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄው እንደደረሰህ ወዲያው 202 («ተቀብያለሁ») ብለህ መልስ፣ ፌቹ ከጀርባ ይሥራ። ያልተሳካውን ጊትሃብ በራሱ ደግሞ አይልክልህም። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ የሚቀጥለው ፑሽ እስኪመጣ ቲኬቱ ባዶ ነው፤ ለዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ያንኑ ሥራ የሚደግም ክሮን ጣልበት።

ናቲ፦ ኑሩልኝ! ስክሪፕቱ ጥሪውን ይቀበላል፤ ጥሪው ከጊትሃብ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ፊርማ ግን አልገጥም አለኝ። ሲክሬቱ (ፊርማው የሚሰላበት የሚስጥር ቃል) ጊትሃብም ስክሪፕቱም ጋ አንድ ነው።

ሚኪ፦ ጄሶኑን (ጊትሃብ የላከውን ዳታ) ፓርስ አድርገህ፣ መልሰህ ጽሑፍ አድርገህ ነው ሃሹን የምታሰላው? ፊርማው የሚሰላው እንደደረሰ ባለው ጥሬ ባይት ላይ ነው፤ አንዲት ክፍተት ብትለወጥ አይገጥምም። ፊርማውን የምታነብበት ሄደርም ሻ 256 ያለበት ይሁን፣ የድሮው ሻ 1 ነው። ለሙከራ ባዶ ኮሚት አትደርድር፤ ዌብሁኩ ገጽ ላይ «ሪሰንት ዴሊቨሪስ» ገብተህ «ሪዴሊቨር» በለው።

ናቲ፦ ገጠመ! #412 ላይ ኮሚቱ መጣ። «ክሎዝስ» ስለው ግን አይዘጋም።

ሄለን፦ የትኛው ቃል ቲኬቱን ወደ የትኛው ስታተስ እንደሚወስድ እዚያው የሪፖዚተሪ ሴቲንግ ላይ ሙላ። እኔ ብሆን ግን በኮሚት ቲኬት አልዘጋም፤ «ሪዞልቭድ» ላይ ይቁምና የሞከረው ሰው ይዝጋው።